ዶክተር ማሪያ ሞንቴሶሪና አይማሩም የተባሉት ሕፃናት

ከመቀሌ ከተማ በላይ በሚገኘው በእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደብተራቸውን ይዘው ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። በ1888 ዓ.ም. በታኅሣሥና በጥር ወራት ግን በዚሁ ኮረብታ የኢጣሊያው የሻለቃ ጋሊያኖ ጦር መሽጎበት፣ የኢትዮጵያ ሠራዊት ዙሪያውን ከቦት ነበር። በእቴጌ ጣይቱ ምክር የውሃው ምንጭ ከተያዘ በኋላ ምሽጉ በጥር ወር ተለቀቀ፤ የካቲት 23 ቀን ደግሞ የዐድዋ ድል ሆነ። የዐድዋ ወሬ ሮማ በደረሰ ጊዜ የክሪስፒ መንግሥት ወደቀ፤ ጦርነቱን የሚቃወመውም ሕዝብ አደባባይ ወጣ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በሐምሌ ወር፣ በዚያችው በተናወጠች ከተማ የሮማ ዩኒቨርሲቲ የሐኪምነት ዲፕሎማ ከሰጣቸው ሰዎች መካከል አንዲት የ25 ዓመት ወጣት ሴት ይገኙ ነበር። ስማቸው ማሪያ ሞንቴሶሪ ነው።

በዚያ ዓመት መቀሌንና ሮማን የሚያገናኛቸው ጥይት ብቻ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ የእኒህ ሴት ስም በአዲስ አበባ በአፀደ ሕፃናት በሮች ላይ በቀለም ተጽፎ ይታያል ብሎ የሚገምት ሰው ሊኖር አይችልም። ይሁን እንጂ ስሙ ተጽፎ በሚታይበት ስፍራ ትርጉሙ አንድ ዓይነት ሆኖ ቀርቷል። ገንዘብ ያለው ወላጅ ልጁን የሚያስገባበት ንጹሕ ቤት፣ ያማረ የእንጨት መጫወቻ፣ ከፍ ያለ የወር ክፍያ ማለት ነው። ዘዴው በመጀመሪያ ከማን እንደ ተገኘ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ከባለጸጋ ልጆች አልተገኘም፤ ጤናሞች ከሚባሉትም አልተገኘም። የተገኘው መማር አይችሉም ተብሎ ተፈርዶባቸው ከአእምሮ ሕሙማን ጋር በአንድ አጥር ከተዘጋባቸው ሕፃናት ነው።

ማሪያ ሞንቴሶሪ በአንኮና አውራጃ፣ ኪያራቫሌ በምትባል ትንሽ ከተማ ኦገስት 31 ቀን 1870 ተወለዱ። (ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) አባታቸው አሌሳንድሮ በገንዘብ ሚኒስቴር ሥር የሚሠሩ ሹም፣ የአሮጌውን ወግ የሚያከብሩ ሰው ነበሩ። እናታቸው ሬኒልዴ ስቶፓኒ በዚያ ዘመን በሴቶች ዘንድ ባልተለመደ ሁኔታ መጽሐፍ የሚወዱ፣ የልጃቸውንም ምኞት የማይከለክሉ እናት ነበሩ። ሌላ ልጅ አልወለዱም። ቤተሰቡ በ1875 ወደ ሮማ ተዛወረ። ማሪያ 13 ዓመት ሲሞላቸው መሐንዲስ እሆናለሁ ብለው ወንዶች ብቻ ይማሩበት ከነበረ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገቡ። ወላጆቻቸው ለሴት ልጅ የሚስማማው መምህርነት ነው ብለው ቢመክሯቸው አሻፈረኝ አሉ። በኋላ ዓለም በመምህርነት ያወቃቸው እኒህ ሴት ከሁሉ አስቀድመው እንቢ ያሉት ሙያ መምህርነት መሆኑ ያስገርማል።

ከምህንድስናው ሐሳብ ተመልሰው ሕክምና ለመማር በቆረጡ ጊዜ የአባታቸው ቅሬታ በረታ። ያም ሆኖ በ1890 በዩኒቨርሲቲው የተፈጥሮ ሳይንስ ክፍል ገብተው፣ ከሁለት ዓመት በላይ የሚያስፈልገውን መሰናዶ ፈጽመው ወደ ሕክምናው ተሻገሩ። በዚያ ያገኛቸው ፈተና ከትምህርቱ ይልቅ ከሰው የመጣ ነበር። ሴት ከወንዶች ጋር ሆና ራቁት ሬሳ ማየቷ ነውር ነው ስለ ተባለ፣ የአናቶሚ ልምምዳቸውን ሌሎቹ ተማሪዎች ከወጡ በኋላ፣ በምሽት፣ ከሬሳው ጋር ብቻቸውን ይሠሩት ነበር። በ1896 ሲመረቁ በኢጣሊያ ሴት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር በበርሊን በተደረገው ዓለም አቀፍ የሴቶች ጉባኤ አገራቸውን ወክለው ተገኝተው፣ ሴት ሠራተኞች ለእኩል ሥራ እኩል ደመወዝ እንዲያገኙ ተከራከሩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ወጣቷ ሐኪም በሮማ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ረዳት ሆነው ሲሠሩ፣ ለሕክምና የሚመረጡ በሽተኞችን ለማየት ወደ አእምሮ ሕሙማን ማኖሪያዎች መመላለስ ነበረባቸው። በእነዚህ ግቢዎች ውስጥ ከትልልቆቹ ሕሙማን ጋር ተቀላቅለው የሚኖሩ ሕፃናት አዩ። የዘመኑ ሐኪሞች ለእነዚህ ልጆች የሰጡት ስያሜ ዛሬ ቢነገር ጆሮ ያሳክካል፤ በእኛም አገር ጅል፣ ፈዛዛ፣ ደንቆሮ ሲባሉ ኖረዋል። መስማት የተሳነው፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ አእምሮው ዘግይቶ የሚያድግ፣ እንዲያውም ወላጅ አጥቶ ማንም ስላላናገረው ብቻ አፉ ያልተፈታ ልጅ ሁሉ በአንድ ስም ተጠርቶ በአንድ ክፍል ይታጎር ነበር።

የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉ ሰዎች አንድ ነገር ይተርካሉ። ልጆቹን የምትጠብቅ አንዲት ሴት፣ ምግብ በልተው ሲያበቁ ወለሉ ላይ ተደፍተው ፍርፋሪ እንደሚለቃቅሙ ለዶክተሯ በመጸየፍ ነገረቻቸው። ዶክተር ሞንቴሶሪ ክፍሉን ቢመለከቱት ከባዶ ግድግዳ በቀር አንዳች ነገር አልነበረበትም። ልጆቹ ፍርፋሪውን ወደ አፋቸው ከመውሰዳቸው በፊት በጣታቸው ያሻሹታል፣ ያድቦለቡሉታል። ሆዳቸው ሳይሆን እጃቸው እንደ ተራበ የተረዱት በዚህ ጊዜ ነው ይባላል። ይህ ታሪክ እንደ ተነገረው በትክክል ሆነም አልሆነም፣ ከዚያ በኋላ የሠሩት ሥራ ሁሉ ከዚህ ሐሳብ የመነጨ ነው፤ እጁ ሥራ ያጣ ልጅ አእምሮውም ሥራ ያጣል።

ከእርሳቸው በፊት ይህን መንገድ የጀመረ እንዳለ ለማወቅ መጻሕፍት መፈተሽ ያዙ። ያገኙትም በፈረንሳይ አገር ተረስተው የቆዩ የሁለት ሐኪሞች ሥራ ነው። የመጀመሪያው ዣን ኢታር በፓሪስ መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ሐኪም ሲሆኑ፣ በአቬሮን ጫካ ብቻውን ሲንከራተት ተገኝቶ በ1800 ወደ ፓሪስ የተወሰደውን ቪክቶር የተባለ ልጅ ለማስተማር አምስት ዓመት ያህል ደክመዋል። ልጁ መናገር አልቻለም፤ ኢታርም ሥራዬ ከሸፈ ብለው አዝነው ተዉት። ነገር ግን ከዚያ ሙከራ፣ ስሜቶችን አንድ በአንድ የማሠልጠን ዘዴ ተረፈ። ሁለተኛው የኢታር ደቀ መዝሙር ኤዱዋር ሴጋን ናቸው። እርሳቸው በአእምሮ ዘገምተኛ የተባሉ ልጆችን የሚያስተምር ቤት በፓሪስ ከፍተው፣ ዘዴያቸውን በ1846 በትልቅ መጽሐፍ አውጥተው፣ ኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግረው በ1880 ሞተዋል። ዶክተር ሞንቴሶሪ የእነዚህን የሁለቱን ሥራ ወደ ጣሊያንኛ እየመለሱ፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በእጃቸው ገለበጡት። እያንዳንዱን ቃል ለመመዘን ጊዜ ለማግኘት ሲሉ እንደ ቁም ጸሐፊ መጽሐፍ በብዕር ቀዱ። ደራሲ ሆኖ ስሙን ለማስጠራት የሚቸኩል ሰው ይህን አያደርግም።

በ1898 በቱሪን ከተማ አገር አቀፍ የመምህራን ጉባኤ ተደርጎ ነበር። ዶክተር ሞንቴሶሪ በዚያ ተነሥተው ያቀረቡት ሐሳብ ሐኪሙንም መምህሩንም የሚያስቆጣ ነበር። የአእምሮ ዕድገታቸው የዘገየ ሕፃናት ነገር ከሕክምና ይልቅ የማስተማር ጉዳይ ነው አሉ። እንግዲህ ነገሩ እንደዚህ ከሆነ ልጁ ባይማር ተጠያቂው የልጁ ጭንቅላት ብቻ ሊሆን አይችልም ማለት ነው። ለመምህር ከዚህ የከበደ ክስ የለም፤ ከዚህ የበለጠም ክብር የለም። ንግግሩ በኢጣሊያ ተሰማ። ለእነዚሁ ሕፃናት የሚቆረቆር ማኅበር ተቋቋመ፤ ማኅበሩም በ1900 በሮማ የመምህራን ማሠልጠኛ ከፈተ። በመጀመሪያው ዓመት 64 መምህራን ተመዘገቡ። ከሥልጠናው ጋር ለልምምድ የሚሆን የልጆች ክፍል ነበረው። የማሠልጠኛው ኃላፊዎች ዶክተር ሞንቴሶሪና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ጁዜፔ ሞንቴሳኖ ነበሩ።

በዚያ ቤት ያሳለፏቸው ዓመታት ሁለት ገደማ ናቸው፤ ሆኖም በሰማንያ አንድ ዓመት ዕድሜያቸው ውስጥ የእነዚህን ያህል የሚመዝኑ አይገኙም። ሐኪም ሆነው ሳለ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት በልጆቹ መካከል ይውሉ ነበር፤ ሌሊት ደግሞ ያዩትን ይጽፋሉ። የሴጋንን መርጃ መሣሪያዎች በአናጢ አሠርተው ለልጆቹ ሰጡ፤ የማይሠራውን ጣሉ፤ አዲስ ጨመሩ። ቁልፍ የሚቆለፍበትና ክር የሚታሰርበት ጨርቅ፣ በየቀዳዳው የሚገባ የእንጨት ቁራጭ፣ የሚሰካካ ዶቃ፣ ለስላሳና ሻካራ ገጽ ያለው ሰሌዳ ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠውን ያስተማረቻቸው ግን አንዲት የ11 ዓመት ልጅ ናት። ይህች ልጅ መርፌ መያዝ ብታሳዩአትም ብታሳዩአትም አልሆነላትም። ዶክተሯ ስፌቱን አስተዉአትና የወረቀት ጥብጣብ አንዱን በአንዱ ሥር እያሾለኩ እንደ ሰሌን የሚሠራውን ሥራ ሰጧት። ልጅቱ ይህን ወደደችው፣ ለመደችውም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ መርፌና ክር ቢሰጧት ትሰፋ ጀመር። ከዚህ የተገኘው ትምህርት ቀላል ይመስላል፤ በየክፍሉ ግን ሳይታወቅ ይቀራል። ልጅ አንድን ሥራ እንቢ ሲለው ያንኑ ሥራ ደጋግሞ ማሠራት፣ ሲብስም መቅጣት፣ ልቡን ከመስበር በቀር ፋይዳ የለውም። ሥራው የሚጠይቀውን እንቅስቃሴ ለይቶ፣ በሌላ ቀላልና ደስ በሚያሰኝ ነገር እጁን ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ጽሕፈትንም ያስተማሩት በዚሁ መንገድ ነው። ከእንጨት የተቀረጹ ፊደላት አሠርተው፣ አናባቢዎቹን ቀይ፣ ተነባቢዎቹን ሰማያዊ ቀለም አስቀብተው፣ ልጆቹ በብዕር እንደሚጽፉ አድርገው በጣታቸው እንዲከተሏቸው አደረጉ። ልጁ እርሳስ ከመያዙ በፊት እጁ የፊደሉን መንገድ ያውቀዋል።

ከእነዚህ ልጆች ጥቂቶቹ ማንበብና መጻፍ ቻሉ። በመንግሥት ትምህርት ቤት ከሌሎች ልጆች ጋር ለፈተና ቀርበውም አለፉ። ሰው ሁሉ ተአምር ነው ብሎ ሲያወራ፣ ጋዜጦችም ሲያሞግሱ፣ ዶክተር ሞንቴሶሪ ግን በሌላ ሐሳብ ተይዘው ነበር። የእርሳቸው ተማሪዎች ለፈተናው የበቁት ትክክለኛ ትምህርት ስላገኙ ከሆነ፣ ጤናሞቹና ዕድለኞቹ ልጆች ከእነርሱ ጋር እኩል መሆናቸው ለምንድን ነው? የሚያስደንቀው የደካሞቹ ከፍ ማለት ሳይሆን የብርቱዎቹ ዝቅ ብሎ መቅረት ሆነባቸው። ትልቁ ሥራቸው ሁሉ ከዚህ ጥያቄ ተነሣ። በዚህ ጥያቄ ሰበብም የመጀመሪያዎቹን ልጆች ተዉአቸው።

በ1901 ማሠልጠኛውን ለቀቁ። ምክንያቱ ሳይንሳዊ ብቻ አልነበረም። ከዶክተር ሞንቴሳኖ ጋር ፍቅር ነበራቸው፤ ማርች 31 ቀን 1898 ማሪዮ የተባለ ወንድ ልጅ ወልደዋል። ሳያገቡ መውለዳቸው ቢታወቅ ሥራቸውም ስማቸውም በአንድ ቀን ስለሚጠፋ ልጁ በገጠር ለአሳዳጊ ተሰጠ። ሌላ ላያገቡ ተስማምተው ነበር ይባላል፤ ሞንቴሳኖ ግን በ1901 ሌላ ሴት አገቡ። የዓለምን ሕፃናት ነገር የተሸከሙት ሴት የወለዱትን ልጅ አልፎ አልፎ እንደ እንግዳ እየጎበኙ፣ እናት ነኝ ሳይሉት ልጁ 15 ዓመት እስኪጠጋ ድረስ ኖሩ። ይህን በማንሣት የሚፈርዱባቸው አሉ። የዘመኑን ሕግና ወግ ያየ ግን ለመፍረድ አይቸኩልም።

ከዚያ በኋላ እንደ ገና ተማሪ ሆነው ፍልስፍናና ሥነ ልቡና አጠኑ፤ ከ1904 ጀምሮም በሮማ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት አንትሮፖሎጂ አስተማሩ። በዚያ ዘመን ሳይንስ የተባለው ጭንቅላትን በመለኪያ መለካት ስለ ነበር፣ እርሳቸውም ለክተዋል፤ የጻፉትም መጽሐፍ ይህን ይመሰክራል። ዛሬ ማንም ከዚያ መጽሐፍ የሚማረው ነገር ብዙ አይደለም።

ዕድል እንደ ገና ወደ ልጆች የመለሰቻቸው ሳን ሎሬንዞ በተባለው የሮማ የድሆች ሰፈር ነው። አንድ የቤቶች ኩባንያ የፈራረሱ ሕንጻዎችን አድሶ ለሠራተኛ ቤተሰቦች ካከራየ በኋላ፣ ወላጆች ሥራ ሲውሉ ትንንሾቹ ልጆች አዲሱን ግድግዳ እያቆሸሹና ደረጃውን እየሰበሩ አስቸገሩት። ጠባቂ መቅጠር ከጥገና ወጪ እንደሚረክስ ስለ ተገመተ አንድ ክፍል ተሰጠ። የሕፃናት ቤት የተባለው ይህ ስፍራ ጃኑዋሪ 6 ቀን 1907 ሲከፈት ኃምሳ የሚሆኑ፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት ያሉ ልጆች ገቡበት። ዶክተር ሞንቴሶሪ ለዘገምተኞቹ ልጆች የሠሩትን መርጃ መሣሪያ አምጥተው ለእነዚህ ሰጡ። በሠለጠነ መምህር ፈንታም ቀድሞ የመምህርነት ሥልጠና የሌላትን ሴት አስቀመጡ።

የሆነው በሰፊው የታወቀ ስለሆነ ማብዛት አያስፈልግም። ልጆቹ ሥራቸውን ራሳቸው እየመረጡ፣ አንዱን ነገር ሠላሳ አርባ ጊዜ እየደጋገሙ፣ ቅጣትና ሽልማት ሳያስፈልጋቸው ጸጥ ብለው ሲሠሩ ታዩ። አንድ ነገር ግን ሳይነሣ አይታለፍም። ለማሠልጠኛው ቤት ተሠርተው የነበሩትን ያማሩ የእንጨት ፊደላት ለአዲሱ ቤት ለማሠራት የሚሠራቸው አልተገኘም፤ ዋጋውም ከባድ ነበር። ስለዚህ ዶክተሯ አናጢዎች እንጨት የሚያለሰልሱበትን ብርጭቆ ወረቀት በመቀስ ፊደል ፊደል አድርገው ቆርጠው በካርቶን ላይ ለጠፉት። ልጁ ሻካራውን ፊደል በጣቱ ሲዳስስ ከመንገዱ ቢወጣ ጣቱ በለስላሳው ካርቶን ላይ ይንሸራተትና ስሕተቱን ራሱ ያውቃል። ከእንጨቱ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ በውድ ዋጋ የሚሸጠው መሣሪያ ከገንዘብ እጦት የተፈጠረ ነው።

የኢትዮጵያ መምህር ይህን ሲያነብ ባዕድ ነገር አይሆንበትም። በቄስ ትምህርት ቤት ልጁ በስንደዶ እያንዳንዱን ፊደል እየነካ ይቆጥራል፤ እጅና ዓይን አብረው ይሄዳሉ። ሀ ሁ ሂ ብሎ በዜማ የሚወርድ ልጅ ፊደሉን ሳያየው በቃሉ ሊያነበንበው እንደሚችል የጥንት መምህራን አሳምረው ያውቃሉ። ስለዚህም ነው አቡጊዳን በሰያፍ አሰልፈው ተራውን ያፈረሱበት፤ በዚያ ላይ የለየ ልጅ በእርግጥ ለይቷል ማለት ነው። የላቲኑ ፊደል ሃያ ስድስት ሲሆን የእኛ ሠላሳ ሦስቱ ዋና ፊደላት እያንዳንዳቸው በሰባት ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። የፊደል ቅርጽ በቶሎ የማይለይለት፣ ለን ከሰ፣ ከን ከተ የሚያደበላልቅ ልጅ ሸክሙ ምን ያህል እንደሆነ ከዚህ ይታያል። ሻካራ ፊደል ለመሥራት የሚያስፈልገው ካርቶን፣ ሙጫና ሻካራ ወረቀት ነው፤ እርሱም ቢጠፋ አሸዋ አለ።

ከ1909 በኋላ ያለው ታሪክ የዝና ታሪክ ነው። ዘዴያቸውን የገለጹበት መጽሐፍ በዚያ ዓመት ታትሞ በአጭር ጊዜ በብዙ ቋንቋ ተተረጎመ። በ1913 ወደ አሜሪካ ሄደው እንደ ንግሥት ተቀበሏቸው። በ1915 በሳን ፍራንሲስኮ በተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ግድግዳው መስታወት የሆነ ክፍል ተሠርቶ ሕዝብ ቆሞ ልጆቹን ሲማሩ ይመለከት ነበር። ልጆች በነጻነት ይሥሩ የተባለበት ዘዴ እንደ ትርኢት በመስታወት ውስጥ መቅረቡ ግን ለዓይን የሚጎረብጥ ነገር አለው። ባለጸጎች ትምህርት ቤቶችን በስማቸው ከፈቱ። ከማኖሪያው ግቢ የወጡት ልጆች በዚህ ሁሉ ድምቀት ውስጥ አይታዩም። ዶክተር ሞንቴሶሪ የዘዴያቸውን ምንጭ ደብቀው አያውቁም፤ በመጽሐፋቸውም ኢታርንና ሴጋንን በምስጋና ጠርተዋል። ነገር ግን ወደዚያ ክፍል ተመልሰው አልገቡም። ይህ ዕዳ ነው፤ ዕዳነቱንም ለማለዘብ ብዙ መድከም አያስፈልግም።

ይህን ዕዳ ለመክፈል የተቃረቡበት ጊዜ ቢኖር በ1917 ነው፤ ለመቀሌ መምህር ከሕይወታቸው ሁሉ ቅርብ የሚሆነውም ይኸው ነው። በዲሴምበር 1908 የሜሲናን ከተማ የመሬት መንቀጥቀጥ ባጠፋት ጊዜ፣ ወላጆቻቸውን ያጡ ስልሳ ያህል ሕፃናት ወደ ሮማ መጥተው በአንድ ገዳም ተጠግተው ነበር። ስማቸውን የማያውቁ፣ የማይናገሩ፣ የማይበሉ፣ ሌሊት በጩኸት የሚባንኑ ነበሩ። በሞንቴሶሪ ዘዴ፣ አበባ በመንከባከብ፣ ገበታ በማሰናዳት፣ በእጅ ሥራ ቀስ በቀስ ወደ ልጅነታቸው ተመለሱ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ብዙ አገሮችን በእሳት ሲያነድ ዶክተር ሞንቴሶሪ ይህን አስታውሰው፣ ቀይ መስቀል ቁስለኛውን ወታደር እንደሚረዳ ሁሉ በጦርነት አእምሮው የቆሰለውን ሕፃን የሚረዳ ነጭ መስቀል የሚባል ድርጅት እንዲቋቋም ሐሳብ አቀረቡ። የነርቭ ሕመምንና የሕፃናትን አስተዳደግ አብረው የተማሩ አስተማሪ አስታማሚዎች ሠልጥነው ጦርነት ወደ ጎዳቸው አገሮች ይላኩ አሉ። ጦርነት ያስደነገጠው ልጅ በክፍል ውስጥ ሲታይ አእምሮው የዘገየ ይመስላል፤ ይፈዛል፣ ይረሳል፣ ይቆጣል፤ መምህሩ ይህን ለይቶ ካላወቀ በሁለተኛ ጊዜ ያቆስለዋል። የሐሳባቸው ፍሬ ነገር ይህ ነበር። ለዚህ ሥራ የሚሆን ድጋፍ አላገኙም፤ ነጭ መስቀልም ሐሳብ ሆኖ ቀረ።

መቀሌ ይህን ሐሳብ ከመጽሐፍ ብቻ አትማረውም። ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት ጊዜ በአይደር ትምህርት ቤት ላይ ከአውሮፕላን ቦምብ ወድቆ ተማሪዎች ከነደብተራቸው አልቀዋል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ መጀመሪያ በኮሮና ወረርሽኝ፣ ቀጥሎም በጦርነቱ ምክንያት የከተማዋ ልጆች እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ ከትምህርት ርቀው ኖረዋል፤ በርካታ የመማሪያ ክፍሎችም የተፈናቃዮች መጠለያ ሆነው ነበር። ትምህርት ሲከፈት በሰባት ዓመቱ መግባት የነበረበት ልጅ በአሥር ዓመቱ አንደኛ ክፍል ተቀመጠ። ይህ ልጅ ፊደል አልለይ ሲል ችግሩ ከተፈጥሮ ይሁን፣ ከረሃብ ይሁን፣ ካየው ነገር ይሁን፣ ወይስ የሚያስተምረው ሰው ስላጣ ብቻ ይሁን በአንድ ቀን ሊታወቅ አይችልም። በሮማው ማኖሪያ የተደረገው እንደዚሁ ነበር፤ ልዩ ልዩ ምክንያት ያላቸው ልጆች በአንድ ስም ተጠርተው በአንድ ክፍል ተዘጋባቸው። ዘገምተኛ የሚለው ቃል በመዝገብ ላይ ሲጻፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ለመፋቅ ግን የልጁ ዕድሜ አይበቃውም።

የዶክተር ሞንቴሶሪ ሕይወት ኢትዮጵያዊ አንባቢ በዝምታ ሊያልፈው የማይችል ሌላ ምዕራፍ አለው። በ1924 ከሙሶሊኒ ጋር ተገናኙ፤ የፋሽስቱም መንግሥት ትምህርት ቤቶቻቸውን ደግፎ አስፋፋ። ድጋፉን ተቀብለው ለአሥር ዓመት ያህል አብረው ሠሩ። ለሕፃናት የሚጠቅም ከሆነ ከማንም ጋር እሠራለሁ የሚል አቋም እንደ ነበራቸው የሚናገሩላቸው አሉ። ሆኖም ልጅ ራሱን የሚገዛ ሰው እንዲሆን የሚያስተምር ዘዴና፣ ልጅ በሰልፍ ቆሞ ለአንድ ሰው እንዲገዛ የሚያስተምር መንግሥት በአንድ ጣሪያ ሥር ሊኖሩ እንደማይችሉ ለማየት አሥር ዓመት መፍጀት አልነበረበትም። በ1934 ተለያዩ፤ ትምህርት ቤቶቹም ተዘጉ። በጀርመንም ናዚዎች ትምህርት ቤቶቻቸውን ዘግተው መጽሐፋቸውን በእሳት አቃጠሉ። በሚቀጥለው ዓመት፣ ጥቅምት 28 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የሙሶሊኒ ጦር መቀሌን ያዘ። ከዚያ በኋላ ፋሽስቶች በያዙት አገር ለኢትዮጵያዊ ልጅ የፈቀዱት ትምህርት ከነጭ ልጅ የተለየና እጅግ ዝቅ ያለ ነበር።

ዶክተር ሞንቴሶሪ በዚያን ጊዜ መኖሪያቸው በባርሴሎና ነበር። በ1936 የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ ከዚያም ሸሽተው፣ በእንግሊዝ አልፈው ሆላንድ ገቡ። በ1939 ከልጃቸው ከማሪዮ ጋር መምህራን ለማሠልጠን ወደ ሕንድ ሄዱ። ኢጣሊያ በ1940 ወደ ጦርነቱ ስትገባ የእንግሊዝ መንግሥት እንደ ጠላት አገር ዜጎች ቆጥሮ ማሪዮን አሰረ፤ እርሳቸውንም ከሚሠሩበት ግቢ እንዳይወጡ አገደ። 70ኛ የልደት ቀናቸው ሲደርስ የሕንድ እንደራሴ ለበዓሉ ስጦታ እንዲሆን ማሪዮን ፈታላቸው። ለብዙ ዓመታት የወንድም ልጅ ወይም የማደጎ ልጅ እየተባለ ሲነገር የኖረው ማሪዮ በዚያ መልእክት ልጅዎ ተብሎ ተጠራ። በሕንድ እስከ 1946 ቆይተው ከአንድ ሺህ በላይ መምህራን አሠለጠኑ። ወደ አውሮፓ ተመልሰውም፣ ለሦስት ዓመት በተከታታይ ለኖቤል የሰላም ሽልማት ታጭተው ነበር፤ አላገኙም።

የመጨረሻ ቀናቸው በሆላንድ የባሕር ዳርቻ ኖርድቬይክ በተባለች ከተማ ሆነ። ሜይ 6 ቀን 1952 ከማሪዮ ጋር ተቀምጠው ስለ አንድ ጉዞ ይጨዋወቱ ነበር። ያን ጊዜ ጎልድ ኮስት ትባል ከነበረችው፣ ዛሬ ጋና ከምትባለው አገር መምህራን የሚያሠለጥንላቸው ሰው ይፈልጉ ነበርና እርሳቸው ልሂድ አሉ። ማሪዮ ሙቀቱን፣ የመንገዱን ርቀትና የእናቱን ዕድሜ ጠቅሶ ሌላ ሰው ይላክ ሲል ተከራከረ። ዕድሜያቸው 81 ዓመት ከስምንት ወር ነበር። ወደ አፍሪካ የሚደረገው ጉዞ ገና ሳይቆረጥ፣ ከሰዓት በኋላውም ሳይመሽ፣ ደም በአንጎላቸው ፈስሶ ዐረፉ። የተቀበሩትም እዚያው ኖርድቬይክ ነው።